ፓርክ ውስጥ የበቀለ በለስ ለቅሞ መብላት ይቻላል?

ጥያቄ፦
ሰላም ሰዎች፣ በሚቀጥለው ወር ከልጆቼ ጋር ብሔራዊ ፓርክ ልንሄድ ነው፣ መንገዱ ዳር የዱር በለስ በብዛት እንዳለ ፎቶ ላይ አይቻለሁ እና ትንሽ ለቅመን ብንበላ ችግር አለው? እሾሁንስ እንዴት ነው የምታደርጉት፣ ልጆቹን እንዳይወጋቸው ፈርቼ ነው

መልስ 1፦
መጀመሪያ በሩ ላይ ጠይቁ። ብዙ ፓርክ ፍሬም ሆነ አበባ መቁረጥ ይከለክላል፣ ለራስ የሚበላ ትንሽ የሚፈቅዱም አሉ። ቢፈቀድም የወፉም የዝንጀሮውም ቀለብ ስለሆነ አንዱን ተክል ሙልጭ ማድረግ ልክ አይመስለኝም

መልስ 2፦
ትልቁን እሾህ አትፍሩት እሱ ይታያል፣ አስቸጋሪዋ ፀጉር የምታክለዋ ናት፣ የጨርቅ ጓንት ላይ ሁሉ ተሰክታ ትቀርና ቆዳ ውስጥ ትገባለች፣ ስለዚህ በጉጠት ያዙና ጠምዘዝ አርጉት፣ የበሰለ ከሆነ በቀላሉ ይላቀቃል። ከዛ ሁለቱን ጫፍ ቆርጦ ልጣጩን በቁመቱ ሰንጥቆ ገለጥ ማድረግ ነው። ልጆቹ ከተላጠ በኋላ ብቻ ይንኩት፣ በዛ እጅ አይናቸውን እንዳያሹ በናታችሁ!! ወረንጦም ያዙ

መልስ 3፦
ዘሩ ብዙ ከተበላ ሆድ ያደርቃል፣ ለልጆች አንድ ሁለት ይበቃል። ሌላው፣ በለስ መነሻው አሜሪካ አህጉር ስለሆነ ሌላ ቦታ እንደ መጤ አረም የሚያስቸግርበት አለ፣ ደቡብ አፍሪካ ክሩገር ፓርክ ውስጥ ለምሳሌ ዝሆንና ዝንጀሮ ፍሬውን በልተው ዘሩን ስለሚያሰራጩት ተክሉን የሚያጠቃ ነፍሳት ለቀውበታል። ልጣጩንም ዘሩንም ሜዳ ላይ እንዳትጥሉ፣ ፌስታል ያዙ