እንግሊዝ አገር ያለ ወኪሉ ፈቃድ ለዕጩ ቅስቀሳ ገንዘብ ማውጣት፦ 700 ፓውንዱ የሚቆጠረው እንዴት ነው?

ሰላማዊት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሚቀጥለው የፓርላማ ምርጫ ሦስት ማኅበራት አንድን ዕጩ ለመደገፍ በአንድ የምርጫ ክልል በራሪ ወረቀት አሳትመው ማሰራጨት ይፈልጋሉ። ከሦስቱ አንዱ በጎ አድራጎት ተብሎ የተመዘገበ ነው። እያንዳንዱ እስከ 700 ፓውንድ ማውጣት ይችላል ይባላል። እንግዲህ ሲደመር 2,100 ይሆናል ማለት ነው? የዕጩው ሰዎች በስልክ "እሺ" ቢሉስ ይበቃል? የበጎ ፈቃደኞች ጉልበትስ ይቆጠራል?

ጌታሁን መ.፦
ሰላም እህቴ። 2,100 አይሆንም። የ1983ቱ (በፈረንጆቹ) የሕዝብ ውክልና ሕግ አንቀጽ 75 እንደሚለው፣ አንድ ዕጩ እንዲመረጥ ታስቦ ለስብሰባ፣ ለማስታወቂያ ወይም ለበራሪ ወረቀት ገንዘብ ማውጣት የሚችሉት ዕጩው፣ የምርጫ ወኪሉ (የዕጩውን የቅስቀሳ ወጪ በሕግ የሚቆጣጠረው ሰው) እና ወኪሉ በጽሑፍ የፈቀደላቸው ብቻ ናቸው። ተፎካካሪውን ማጣጣልም እዚሁ ውስጥ ይገባል። "እገሌን ምረጡ አላልንም፣ እገሌን አትምረጡ ብቻ ነው ያልነው" የሚለው መከራከሪያ ሉፍት በተባለ ሰው ጉዳይ እስከ ጌቶች ምክር ቤት (ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ) ድረስ ሄዶ ተቀባይነት አላገኘም።

ያለ ፈቃድ የሚፈቀደው ለአንድ ሰው ወይም ድርጅት በአንድ የምርጫ ክልል እስከ 700 ፓውንድ ነው። በጋራ ዕቅድ የሚሠሩ ከሆነ ግን የሁሉም ወጪ ተደምሮ ከዚያው 700 ጋር ይነጻጸራል። አንድ ወረቀት ተካፍሎ ማሳተምም ሆነ "እናንተ ሰሜኑን፣ እኛ ደቡቡን" ብሎ ሰፈር መከፋፈል ያው የጋራ ዕቅድ ነው።

የተመዘገበው በጎ አድራጎት ደግሞ ከነጭራሹ ይውጣ። በበጎ አድራጎት ሕግ ዕጩም ሆነ ፓርቲ መደገፍ ክልክል ነው፤ 50 ፓውንድ ቢሆንም፣ ዓርማውን ብቻ ቢያውስም ያው ነው።

ህይወት ለ.፦
ስለ አቆጣጠሩ ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የማተሚያ ቤቱን ደረሰኝ ብቻ አይታችሁ አትቁጠሩ። ለምሳሌ ንድፍ 90፣ ኅትመት 420፣ ተከፋይ አዳዮች 160 ቢሆን ድምሩ 670 ነው። በመጨረሻው ሳምንት አንድ ሰው ተነሥቶ በፌስቡክ የ60 ፓውንድ ማስታወቂያ ቢጨምር 730 ሆነ፤ ወንጀሉ ተፈጸመ ማለት ነው። ስለዚህ ክፍያ ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ይለፍ። የሚቆጠረው ደግሞ ተጨማሪ እሴት ታክሱን ጨምሮ ነው። ቀደም ብሎ ተገዝቶ በቅስቀሳው ወቅት ሥራ ላይ የዋለ ዕቃም ይቆጠራል። ወቅቱ የሚጀምረው ሰውየው በሕግ ዕጩ ከሆነበት ማግስት ነው፤ ይህም ፓርላማው ከመበተኑ በፊት ሊሆን አይችልም።

በነጻ ወረቀት የሚያድል በጎ ፈቃደኛ ጉልበቱ አይቆጠርም። የገዛ ራሱ የጉዞ ወጪም ከክልከላው ውጭ ነው።

ወረቀቱ ላይ የአታሚው፣ የአሳታሚውና ወረቀቱ በስሙ የወጣለት ወገን ስምና አድራሻ መኖር አለበት። በኢንተርኔት ለሚወጣ ቅስቀሳም ከኅዳር 2023 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ የአሳታሚውና በስሙ የወጣለት ወገን ስምና አድራሻ ግዴታ ሆኗል። ይህ ራሱን የቻለ ግዴታ ነው፤ ወጪያችሁ 40 ፓውንድ ብቻ ቢሆንም አይቀርላችሁም።

ሰላማዊት፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ከ700 በላይ ካስፈለገ ፈቃዱ እንዴት ነው የሚጠየቀው? ወኪሉ ለምን እምቢ ይላል?

ጌታሁን መ.፦
የስልኩ "እሺ" አይበቃም። ፈቃዱ በጽሑፍ፣ ከወኪሉ፣ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት መገኘት አለበት። ደብዳቤው ማን እንደተፈቀደለት፣ ለምን ሥራ፣ እስከ ስንት ፓውንድ እንደሆነ ለይቶ ይጥቀስ። "ለቅስቀሳ ተፈቅዷል" ብቻ የሚል ደብዳቤ በኋላ ለሁለታችሁም ጭቅጭቅ ያመጣል። ውጤቱ በታወጀ በ21 ቀን ውስጥ ገንዘቡን ያወጣው አካል የወጪ ዝርዝሩን ከማረጋገጫ ቃሉና ከፈቃዱ ቅጂ ጋር ለምርጫ አስፈጻሚው ያስገባል። ይህን የሚረሱ ብዙ ናቸው፤ ፈቃድ ካገኙ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል።

ወኪሉ እምቢ የሚለው የፈቀደው ወጪ ከዕጩው የወጪ ጣሪያ ላይ ስለሚነሳ ነው። በ2024ቱ ምርጫ ጣሪያው 11,390 ፓውንድ ሆኖ፣ በዚያ ላይ በከተማ የምርጫ ክልል በአንድ መራጭ 8 ሳንቲም፣ በገጠር 12 ሳንቲም ይጨመር ነበር። 70,000 መራጭ ላለው የከተማ ክልል 16,990 ፓውንድ ማለት ነው። ከዚህ ላይ 1,500 ለማኅበር መስጠት ቀላል ውሳኔ አይደለም።

ህይወት ለ.፦
ከ700 በታች ሆናችሁም ቢሆን ከዕጩው ቢሮ ራቁ። ወኪሉ ፎቶውን ልኮ፣ ጽሑፉን አርሞ፣ የሚታደልበትን መንገድ ዝርዝር ከሰጣችሁ ሥራው የእናንተ ብቻ መሆኑ ይቀርና በዕጩው ወጪ ሊቆጠር ይችላል። በ2022 የወጣው የምርጫዎች ሕግ መለኪያውን ግልጽ አድርጎታል፦ ዕጩው ወይም ወኪሉ ካዘዘ፣ ከፈቀደ ወይም ካበረታታ ይቆጠርበታል። የተዘጋጀ ወረቀት አስረክባችሁት ቢቀበል ደግሞ ዋጋው ከ50 ፓውንድ ካለፈ እንደ ስጦታ ስለሚታይ የሰጪው ማንነት መጣራት አለበት።

ዳዊት ገ.፦
700 ትንሽ ነው ለሚሉ፦ እስከ 2000 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ) ድረስ 5 ፓውንድ ብቻ ነበር! ወይዘሮ ቦውማን በ1992ቱ ምርጫ በሃሊፋክስ ዕጩዎቹ በፅንስ ማስወረድ ላይ ያላቸውን አቋም የሚዘረዝር ወረቀት በማሰራጨታቸው ተከሰው፣ ጉዳዩ ስትራስቡርግ ደረሰ። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በ1998 የ5 ፓውንዱ ጣሪያ ሐሳብን የመግለጽ መብት ይጥሳል ብሎ ፈረደ። ከዚያ በኋላ 500፣ ቀጥሎም 700 ሆነ። ክልከላው ራሱ ግን አልተነሣም፤ በእኔ እምነትም መነሣት የለበትም። የዕጩው ወጪ ተገድቦ ደጋፊው እንደልቡ የሚያወጣ ከሆነ የዕጩው ጣሪያ ትርጉም አይኖረውም።

ቅጣቱን በተመለከተ፣ ይህ በምርጫ ሕጉ ከባድ በሚባለው የጥፋት መደብ ውስጥ ነው፤ እስከ አንድ ዓመት እስራት ያስከትላል፤ ለአምስት ዓመት የፓርላማ አባል ከመሆንም ያግዳል። ሌላ ሰው ያለ ዕጩው ፈቃድና እውቅና ባጠፋው ግን ዕጩው አይጠየቅም፣ ምርጫውም አይሰረዝም። የሚጠየቀው ገንዘቡን ያወጣው ነው፤ ስለዚህ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ቼኩን ከመፈረሙ በፊት ደብዳቤውን በዓይኑ ይይ።