በተፈረመ ውል ላይ አንቀጽ 7ን አሁን መጨመር ይቻላል?

የሙያ ማኅበራችን አዲስ አበባ ነው። ጀርመን ያለው እህት ማኅበር የአባላቱን ስም፣ የሙያ ፈቃድ ቁጥርና የተከታታይ ሥልጠና ነጥብ የሚልክልን በአውሮፓ ኮሚሽን የ2021 (እ.ኤ.አ.) መደበኛ የውል አንቀጾች (የግል መረጃ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ሲላክ ከለላ የሚሰጥ ዝግጁ ውል)፣ በሞጁል አንድ (ላኪውም ተቀባዩም የመረጃውን አጠቃቀም ራሳቸው ሲወስኑ የሚሠራው ክፍል) ነው። አሁን የናይሮቢ ማኅበርም ይህን የአባላት መዝገብ መጋራት ይፈልጋል።

አንቀጽ 8.7 መረጃው ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ላለ ሦስተኛ ወገን ከመተላለፉ በፊት ተቀባዩ በእነዚሁ አንቀጾች ለመገዛት እንዲስማማ ይጠይቃል፤ ካልሆነ ግን አንቀጹ ከዘረዘራቸው ሌሎች መንገዶች አንዱ፣ ለምሳሌ የአባላቱ ግልጽ ፈቃድ፣ መሟላት አለበት። አዲስ ወገን የሚገባበት አንቀጽ 7 ግን አማራጭ ስለሆነ ውላችን ውስጥ አልተካተተም። የአባላትን ግልጽ ፈቃድ ለመሰብሰብ ተሞክሮ ብዙዎቹ መልስ አልሰጡም፤ ቢሰጡም ፈቃድ በማንኛውም ጊዜ ሊነሳ ስለሚችል ለቋሚ መዝገብ አያስተማምንም። ያለ በቂ ከለላ ደግሞ የማንም ስም ድንበር መሻገር የለበትም።

እኛና ጀርመኖቹ በማሻሻያ ሰነድ አንቀጽ 7ን ጨምረን፣ የናይሮቢው ማኅበር አባሪዎቹን ሞልቶ አባሪ 1 ክፍል ሀ ላይ ቢፈርም ይበቃል ወይስ ከእሱ ጋር ራሱን የቻለ አዲስ ውል ያስፈልጋል?