ጥንታዊ ሪቮልቨር ያለ ፈቃድ በሰብሳቢዎች እጅ ይቆይ?

አወያይ፦ ጥያቄው የብሪታንያን ሕግ ይመለከታል። በዚያ አገር ጥይቱ ከገበያ የጠፋና ለጌጥ ወይም ለቅርስነት ብቻ የተያዘ ጥንታዊ መሣሪያ ፈቃድ አይጠየቅበትም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ደንብ ግን 7 የጥይት ዓይነቶችን ከገበያ ጠፍተዋል ከተባሉት ዝርዝር ስላወጣ፣ በእነርሱ የሚተኩሱ ሪቮልቨሮች (ተሽከርካሪ የጥይት ቤት ያላቸው ሽጉጦች) ፈቃድ የሚያስፈልጋቸው ሆነዋል። የፈረንሳይ ጦር የ1873 ሪቮልቨር የሚተኩሰው ባለ 11 ሚሊሜትር ጥይት ከሰባቱ አንዱ ነው። ደንቡ ተገቢ ነበር ትላላችሁ?

ከበርሚንግሃም፦ ተገቢ ነበር፤ እንዲያውም ዘግይቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 እዚህ የ30 ዓመት እስራት የተፈረደበት ሰው ሕጋዊ የመሣሪያ ነጋዴ የነበረ ሲሆን፣ ለጥንታዊ ሽጉጦች የሚሆን ጥይት በቤቱ እየሠራ ይሸጥ ነበር፤ ፖሊስም ጥይቶቹን ከ100 በላይ ከሚሆኑ የወንጀል ቦታዎች ጋር አያይዟል። ጥይቱ ከገበያ ጠፍቷል ማለት ቀለህ የሚሠራ እጅ ጠፍቷል ማለት አይደለም።

ከለንደን፦ እኔ ሰብሳቢ ነኝ፤ የወንድሜን ስጋት አላቃልልም። ነገር ግን የምንሰበስበው ምን እንደሆነ ይታወቅ። የ1873ቱ ሪቮልቨር በፈረንሳይዋ ሴንት ኤቲየን ከተማ የተሠራ ባለ 6 ጥይት ሲሆን፣ ብረቱ ቀለም ሳይቀባ ነጭ ሆኖ ይወጣ ነበር፤ የመኮንኖቹ የ1874 ሞዴል ግን ጠቆር ያለ ሽፋን ነበረው። ስለዚህ አንድ ሰው ነጩን አጥቁሮ ቢያሳምረው፣ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ ቢያብረቀርቀው፣ በእኛ ዓይን አበላሽቶታል፤ ዋጋው ያለው ባልተነካው ገጽ ላይና በየክፍሉ በተመታው ተመሳሳይ መለያ ቁጥር ላይ ነውና። ጠላቱ እርጥበት ነው። (አያቴ ሽጉጣቸውን ከቆዳ ማኅደሩ አያወጡትም ነበር፤ ብረቱን ያዛገው ያው ቆዳው መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።)

ከበርሚንግሃም፦ እንግዲያው እንዳይተኩስ አፈሙዙ ይበሳና የጥይት ቤቱ ይበየድ፤ መልኩ ይቀራል።

ከለንደን፦ ይህ የብራና መጽሐፍን ገጾች በሙጫ አጣብቆ ሽፋኑን እንደማቆየት ነው። የአሠራሩ ጥበብ ያለው ቃታው፣ ምላጩና ተሽከርካሪው የጥይት ቤት በሚገናኙበት ቦታ ነው።

ከቨርጂኒያ፦ እኛ ያለንበት የአሜሪካ ሁኔታ ቢነጻጸር ይጠቅማል። የ1968ቱ የፌዴራል ሕግ በዋነኛነት የሚያየው መሣሪያው የተሠራበትን ዓመት ነው፦ እስከ 1898 የተሠራ መሣሪያ ጥንታዊ ነው። በዚህ ምክንያት በ1890 የተሠራ ኮልት የተባለው የአሜሪካ ሽጉጥ፣ ጥይቱ ዛሬም በየመሸጫው የሚገኝ ሆኖ ሳለ፣ በዚህ ሕግ እንደ ጦር መሣሪያ አይቆጠርም፤ በ1900 የተሠራው መንትያው ግን ይቆጠራል። የየክፍለ ግዛቱ ሕግ ይለያያል እንጂ መነሻው ይህ ነው። ከዕድሜው ይልቅ ጥይቱን የሚመረምረው የብሪታንያ ዘዴ ለእኔ የተሻለ ይመስለኛል።

ከለንደን፦ ጥይቱ ይመርመር በሚለው እስማማለሁ። ጥይት መሥራት በጥብቅ ይቀጣ፤ መሣሪያውም በመለያ ቁጥሩ ይመዝገብ፤ ብረቱ ግን አይነካ።

ከበርሚንግሃም፦ ምዝገባውን ከተቀበሉ ልዩነታችን ጠቧል። ሆኖም ሰብሳቢው ሲሞትስ? ፈቃዱ በስሙ ነው፤ ልጆቹ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ያገኙትን ምን እንደሆነ ሳያውቁ ለመጀመሪያው ጠያቂ ይሸጡታል።

ከለንደን፦ ለዚህ መልስ የለኝም። የእኔም ልጆች መሳቢያውን ከፍተው አያውቁም።