ውሃና ነዳጅ ሲጠፋ ብስክሌት ከነተሳቢው፦ ጅማ ላይ ምን ያህል ይጫናል?

የጊንጆ ነዋሪ
ሰላም ለሁላችሁ። ጊንጆ ነው የምንኖረው፤ ቤተሰቡ አምስት ነው። ቧንቧ ሲቋረጥ፣ ነዳጅ ጠፍቶ ባጃጅ ሲቆም ውሃ፣ እህልና ከሰል የምናመላልስበት ነገር ችግሩ ሳይመጣ ማዘጋጀት እንፈልጋለን። ባለ 26 ጎማ፣ ማርሽ ያለው ብስክሌት አለን። በያጅ ዘንድ ተሳቢ ልናሠራ ነው። አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በአንዴ ይችላል? ብስክሌቱ ላይ የሚታሰረውስ የቱ ጋ ነው? ጎረቤት ደግሞ የድሮ ፎኒክስ ብስክሌት ይሻላል፣ ጠንካራ ነው ይለናል። የምታውቁ ልኩን ጭምር ንገሩን።

ቱቦላሬ
ብረቱ አራት ጀሪካን ይችላል፤ ፍሬኑ አይችልም። ጅማ ላይ ጭነቱን መወሰን ያለበት ቁልቁለቱ ነው። ዳገቱን ወርዶ መግፋት ይቻላል፣ ቁልቁለት ላይ ያመለጠን ግን የሚይዘው የለም። ሁለት ጀሪካን ጫኑ፣ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። በአደጋ ጊዜ ለመጠጥ፣ ለማብሰልና ለንጽሕና በሰው በቀን 15 ሊትር ይታሰባል። ለአምስት ሰው 75 ሊትር ነው፤ በሁለት ዙር 80 ሊትር ገባ ማለት ነው።

ለበያጁ የምትሰጡት ልክ ይኸውላችሁ። 25 በ25 ሚሊ ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ)፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ። ወደ 8 ሜትር ይፈጃል፤ ከነጎማው ከ13 እስከ 15 ኪሎ ቢመጣ ነው። መጫኛው 1 ሜትር በ50 ሳንቲ ይበቃል። ጎማው ከልጆች ብስክሌት የተፈታ ባለ 20 ይሁን፤ ከ26ቱ ይልቅ ጎንዮሽ ጫና ይችላል፣ ጭነቱንም ዝቅ ያደርገዋል።

ብዙ በያጅ የሚሳሳተው አክሰሉ ላይ ነው። የብስክሌት አክሰል በሁለቱም ጫፍ እንዲያዝ የተሠራ ነው። እንደ ጋሪ በአንድ ጎን ብቻ ከያዙት መጀመሪያ ይጎብጣል፣ ቀጥሎ ከዳዶው ሥር ይሰበራል። ስለዚህ ከጎማው ውጭም አንድ ቱቦላሬ ይዙር፤ እያንዳንዱ ጎማ በሁለት ብረት መሃል ይቀመጥ።

መጎተቻው የሚታሰረው በኋላው አክሰል ላይ፣ ካቴናው በሌለበት በግራ በኩል ነው። 5 ሚሊ ላሜራ፣ የአክሰሉን ልክ ቀዳዳ በስታችሁ በብስክሌቱ ብረትና በዳዶው መሃል አስገቡት። ላሜራው ከገባ በኋላ ዳዶው ሙሉ በሙሉ ጥርስ ላይ መሆኑን እዩ፤ ካልሞላ ረዘም ያለ አክሰል ግዙ። ያለ ቁልፍ በእጅ የሚከፈተው ዓይነት አክሰል ከሆነ ለዚህ ሥራ በዳዶ በሚታሰረው ይቀየር። ኮርቻው ሥር ማሰር ይቀላል፣ ግን ከፍ ብሎ ስለሚጎትት መታጠፊያ ላይ ብስክሌቱን ይገለብጠዋል።

መገጣጠሚያው ወደ ጎን፣ ወደ ላይና ወደ ታች፣ እንዲሁም ተጠማዞ መዞር አለበት፤ ያኔ ብስክሌቱ ቢወድቅ ተሳቢው ቆሞ ይቀራል። ውስጡ ክር ያለው ወፍራም የጎማ ቱቦ፣ 12 ሳንቲ ያህል፣ ጫፍና ጫፉ በቡሎን ተወግቶ ይሠራል። ከእሱ ጎን ግን የግድ ጠንካራ ገመድ ወይም ሰንሰለት ይታሰር፤ የጎማ ቱቦው ሲቆረጥ ተሳቢው ባጃጅ ሥር እንዳይገባ።

አዌቱ ማዶ
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ስለ ፎኒክሱ ልጨምር። ብረቱ ጠንካራ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በዘንግ የሚሳበው ፍሬኑ የሚይዘው የሚያብለጨልጨውን የብረት ቸርኬ ነው፤ ያ ቸርኬ ሲረጥብ ፍሬኑ ይንሸራተታል። ክረምቱ እንዲህ በሚረዝምበት ከተማ ተሳቢ አይሰቀልበትም። የእናንተው ይሻላል፤ የፍሬኑን ጎማ አዲስ አድርጉለት፣ ሽቦውንም ቀይሩ።

ሒሳቡን እዩት። ሰው 65፣ ብስክሌት 16፣ ተሳቢ 14፣ ሁለት ጀሪካን 42፤ ድምሩ 137 ኪሎ ነው። በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር በሚወርድ መንገድ ላይ 11 ኪሎ ያህል ወደ ታች ይገፋችኋል። አራት ጀሪካን ቢሆን ከ14 ኪሎ ያልፋል፣ ያውም የተጨመረው ጭነት ያለ ፍሬን ከኋላ የሚመጣ ነው። መታጠፊያ ላይ ፍሬን ከያዛችሁ ተሳቢው የኋላውን ጎማ ወደ ጎን ይገፋዋል። ስለዚህ ገና በቀጥታው ላይ ሳላችሁ ቀንሱ፣ ከዚያ እጠፉ። እንደ ጅሬን ባለ ቁልቁለት ላይ ወርዳችሁ በእግር ሂዱ፤ ሁለተኛ ሰው ተሳቢውን ከኋላ በገመድ ይያዝ።

ጭነቱ ከተሳቢው አክሰል ትንሽ ወደ ፊት ይሁን። ከጭነቱ ከአሥር አንድ ያህል መጎተቻው ላይ ቢያርፍ ጥሩ ነው፤ ጫፉን በእጅ አንስታችሁ 4 ወይም 5 ኪሎ ከመሰላችሁ ልክ ነው። ጭነቱ ወደ ኋላ ካመዘነ የብስክሌቱ የኋላ ጎማ ይቀልና ይወዛወዛል። ጀሪካኑንም እስከ አንገቱ ሙሉት፤ ግማሽ ውሃ ወዲያ ወዲህ እያለ ተሳቢውን ያናውጠዋል። ማሰሪያው የተቆረጠ ካላማዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) ይሁን፤ ሲረጥብም አይላላም።

ጎሚስታ
ቫልቮላው የመኪና ዓይነት ይሁን፣ የትም ጎሚስታ ይነፋላችኋል። ግን ኮምፕረሰሩን ጫን ብሎ ወዲያው መልቀቅ ነው። የብስክሌት ካላማዳሪ የሚይዘው አየር ትንሽ ስለሆነ በአፍታ ይፈነዳል። ለተሳቢው 40፣ ለኋላው ጎማ 50 ፒኤስአይ ይበቃል፤ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ግን አትለፉ። ቀዩ ጭቃ ደግሞ ፓራፋንጎው (የጭቃ መከላከያው) ሥር ገብቶ ጎማውን ያስቆመዋል፤ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከሌለ ፓራፋንጎውን አውጡት።

መብራት ሲጠፋም የሚሠራ የእጅ መንፊያ፣ የ26 እና የ20 ትርፍ ካላማዳሪ፣ ማጣበቂያና ልጣፍ፣ 15 ቁልፍ፣ ሁለት ዳዶ፣ ጥቂት ሽቦ በአንድ ከረጢት ተሳቢው ላይ ይታሰር። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ካቴና ላይ አታድርጉ፣ ጭቃ ይሰበስባል። ካጠባችሁና ካደረቃችሁ በኋላ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ጠብ አድርጉ፣ ትርፉን በጨርቅ ጥረጉ።

የጊንጆ ነዋሪ
እግዚአብሔር ይስጥልን። ዳገት ላይ ስንቆም ተሳቢው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተትስ? በችግር ጊዜ የታመመ ሰውስ ይጫንበታል?

ቱቦላሬ
ለማቆሚያ የመሪውን ፍሬን ጨብጣችሁ በካላማዳሪ ቁራጭ እሰሩት፣ ከተሳቢው ጎማ ኋላም ድንጋይ ወይም እንጨት አድርጉ። ጀሪካን ስታወርዱ ከኋላ ያለው ይቅደም፤ የፊቱ ቀድሞ ከወረደ ተሳቢው ወደ ኋላ ያጋድላል።

ሰው አይጫንበትም። ወገቡ ወይም አንገቱ ተጎድቶ ከሆነ ኮብልስቶኑ ላይ መንገጫገጩ ያብስበታል፤ ምጥ የያዛት ሴትም ቢሆን እንዲሁ። በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ። አምቡላንሱ ጭቃው መሐል መግባት ካልቻለ በሽተኛው በቃሬዛ፣ በአራት ሰው እስከ አስፋልቱ ይወሰድ። ተሳቢው ውሃውንና ብርድ ልብሱን ይዞ ይከተል።

ማታ ከወጣችሁ ደግሞ ተሳቢው ዝቅ ያለ ስለሆነ የአይሱዙ ሹፌር አያየውም። ከመሬት 1.5 ሜትር የሚደርስ ዘንግ ላይ ደማቅ ጨርቅ ስቀሉ፣ ከኋላው በግራ ጫፍ ቀይ መብራት ይታሰር።