የቦዬ ረግረግ ተጠሪነቱ ለማን ይሁን? በጅማ የመሬት ቁጥጥር ላይ የተደረገ ክርክር

አወያይ፦ በጅማ ከተማ ዳርቻ፣ በቦዬ፣ በኪቶና በአዌቱ ወንዝ ግራና ቀኝ ባሉ ረግረጋማ ቦታዎች ላይ የግንባታ ጥያቄ ሲቀርብ የመጨረሻው ቃል የማን ይሁን? መሬቱን በሊዝ የሚያስተላልፈው የከተማ አስተዳደር ይወስን ወይስ ከከተማው ሥልጣን ውጭ የሆነ የአካባቢ ጥበቃ አካል?

በመሬት አስተዳደር የሠሩ ተሳታፊ፦ በከተማው እጅ ይቆይ እላለሁ። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለጨረታ የሚወጣ መሬት ከከተማው ፕላን ጋር የተጣጣመ መሆን እንዳለበት ስለሚደነግግ፣ ረግረጉ በፕላኑ ላይ አረንጓዴ ቦታ ተብሎ ከተቀመጠ ለቤት መሥሪያ ማስተላለፉ አስቀድሞ የተከለከለ ነው። ሌላ ተቆጣጣሪ መጨመር ባለጉዳዩን ለሌላ ማኅተምና ለሌላ ቀጠሮ መዳረግ ነው።

የሕግ ባለሙያ፦ እርስዎ የጠቀሱት ድንጋጌ ትክክል ነው፤ ችግሩ ፕላኑን የሚያዘጋጀው፣ የሚያሻሽለው፣ መሬቱን የሚያስተላልፈውና ከሊዙ ገቢ የሚያገኘው ያው አንድ አስተዳደር መሆኑ ላይ ነው። ይህ ጥርጣሬ የኔ ፈጠራ አይደለም። የአካባቢ ጥበቃ አካላትን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 295/1995 ገና በመግቢያው፣ ልማቱን የሚመራው ወገንና ጥበቃውን የሚቆጣጠረው ወገን የተለያዩ ካልሆኑ የጥቅም ግጭት እንደሚፈጠር ጠቅሶ ኃላፊነቱ እንዲለያይ ያዛል። በዚያው ዓመት የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ከሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይሁንታ ሳያገኝ ሥራ እንዳይጀምር ይከለክላል። እንግዲህ አዲስ ሕግ አልጠየቅንም፤ የጠየቅነው ከሃያ ዓመት በላይ የቆየው ሕግ ጅማ ላይ እንዲሠራ ነው።

የቦዬ አካባቢ ነዋሪ፦ ሁለታችሁም ስለ ወረቀት ትነጋገራላችሁ፤ እኛ አጠገቡ የምንኖረው ግን ረግረግ በወረቀት ሲጠፋ አላየንም። በመጀመሪያ አንድ ሰው ለከብቱ ሣር አጭዳለሁ ብሎ ይገባና በበጋ ውሃውን የሚያሸሽ ቀጭን ቦይ ይቆፍራል። በቦዩ ዳር ባሕር ዛፍ ይተከላል፤ ባሕር ዛፉ ሥር ሲሰድ ደንገሉና ቀጤማው እየሳሳ ይሄዳል። ከዚያ ሲመሽ ገረጋንቲ የጫነ መኪና መጥቶ ይገለብጣል፤ ጠዋት የሚያየው ሰው ከጭቃው ላይ ቀይ ጉብታ ያገኛል። ጉብታው ሲደላደል በቆርቆሮ ይታጠራል። ካርታ የሚጠየቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ሊለካ የሚመጣው ባለሙያም የሚያገኘው ደረቅ መሬት ስለሆነ "ረግረግ አይደለም" ብሎ ቢጽፍ ዋሸ ለማለት ይከብዳል። ስለዚህ ማን ይፍረም ከሚለው በፊት ያቺን የመጀመሪያዋን ቦይ ማን ያያታል የሚለው ይመለስልኝ።

ጡብ አምራች፦ የረግረጉ መጥፋት ሲነሣ ወቀሳው ሁልጊዜ በእኛ ይጀመራል። ከቦዬ ሸክላ ጭቃ እያወጣን ጡብ ጠርበን ጅማን የሠራነው እኛ ነን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕ አካባቢ የማግኘት መብት እንደሰጠ ሁሉ፣ በመንግሥት ፕሮግራም ኑሮው የተነካ ሰው ካሣ እንደሚገባውም እዚያው ላይ ጽፏል። አንዱን አንብቦ ሌላውን ማለፍ ተገቢ አይደለም።

በዩኒቨርሲቲው በውሃ ሥነ ምኅዳር ላይ የሚያጠና ተሳታፊ፦ የጡብ አምራቹ ወንድማችን አቤቱታ ተገቢ ነው፤ ሆኖም የሚጠፋው ሣርና ጭቃ ብቻ አለመሆኑን ማሳሰብ እፈልጋለሁ። አዌቱ ከተማዋን አቋርጦ ሲወርድ የቤትና የገበያ ፍሳሽ ይዞ ነው። ረግረጉ የውሃውን ፍጥነት ስለሚያበርድ ደለሉ ይዘቅጣል፤ ለእጽዋት ምግብ የሚሆነው ናይትሮጅንና ፎስፈረስም ከፊሉ በደንገሉና በሌሎቹ ተክሎች ይወሰዳል። ረግረጉ ሲደፈን ያ ሁሉ ወደ ግልገል ጊቤ ይሄዳል፤ ከታች ደግሞ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ማጠራቀሚያ አለ። ከላይ የተደለደለው አፈር በዝናብ ሲታጠብ የሚያርፈው እዚያ ነው። (የቦዬ ጉማሬዎችና ዘውድ ያላቸው ወፎች ለጎብኚ የሚነገሩ ናቸውና በእነርሱ ላይ አልቆይም።)

በመሬት አስተዳደር የሠሩ ተሳታፊ፦ ነዋሪዋ ያነሱትን እቀበላለሁ፤ ይሁን እንጂ መልሱ የኔን አቋም ያጠናክራል። ሌሊት የሚደፋ ገረጋንቲን ማየት የሚችለው የቀበሌ ሠራተኛ ነው እንጂ ከፊንፊኔ ወይም ከሌላ ቦታ የሚላክ ተቆጣጣሪ አይደለም።

የሕግ ባለሙያ፦ ማየትና መወሰን ይለያያሉ። ቀበሌው ያየውን በጽሑፍ ያስተላልፍ፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ወይም የሚከለክለው ግን ከሊዙ ገቢ የማይቋደስ አካል ይሁን። ደግሞም ረግረጉ ከከተማው ወሰን ሲወጣ የገጠር መሬት ይሆንና የሚገዛው የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ነው፤ ለአንድ ውሃ ሁለት መሥሪያ ቤት ስላለ እያንዳንዱ "የዚያኛው ድርሻ ነው" ለማለት ይመቸዋል። ነዋሪዋን በተመለከተ፣ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 11 ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው አካባቢን በሚጎዳ ወገን ላይ አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል፤ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ያቺ ቦይ ስትቆፈር ፎቶ አንሥተው፣ ቀኑን ጽፈው ማመልከት ይችላሉ ማለት ነው።

የቦዬ አካባቢ ነዋሪ፦ ማመልከቱን አልጠላሁም፤ ነገር ግን ጎረቤቴን ከስሼ ነገ ለቅሶ ቤት ከማን ጋር እቀመጣለሁ? ወሰኑ በክረምት፣ ውሃው ሞልቶ በሚታይበት ጊዜ ተለክቶ የድንጋይ ምልክት ቢተከል፣ ቢያንስ ክሱ በኔ ስም ሳይሆን በምልክቱ ላይ ይቆማል።

ጡብ አምራች፦ ሲለካ እኛም ተጠርተን እንገኝ። የድሮው ውሃ እስከየት ይደርስ እንደነበር ጉድጓዱን የቆፈርነው እኛ እናውቃለን።

በመሬት አስተዳደር የሠሩ ተሳታፊ፦ በክረምት መለካቱን እደግፋለሁ፤ የውሳኔው ሥልጣን ከከተማው ይውጣ በሚለው ግን አሁንም አልስማማም።