ኡቡንቱ ስጭን ኤስኤስዲውን አያሳየኝም፣ ፍላሹን ብቻ ነው የሚያየው

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፔ ላይ ያለውን ዊንዶውስ 11 ሳላጠፋ ኡቡንቱ 24.04 ጎን ለጎን ልጭንበት ፈልጌ ነበር። ፍላሹን ሩፈስ በሚባለው የፍላሽ ማዘጋጃ ፕሮግራም አዘጋጅቼ አስነሳሁት፤ ሳይጫን ለሙከራ ሲከፈት ምንም ችግር የለውም፣ ዋይፋዩም ይሠራል። ኢንስታል ስለው ግን የት ልጫን በሚለው ገጽ ላይ የሚመጣው 16 ጂቢው ፍላሽ ብቻ ነው። 512 ጂቢው ኤስኤስዲ (የላፕቶፑ ዋና ዲስክ) የለም! ዊንዶውስ ውስጥ ስገባ ዲስኩ ደህና ነው። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ኮር አይ5፣ 11ኛ ትውልድ። የኡቡንቱ መጫኛ ፋይል 6 ጂቢ ገደማ ስለሆነ እባካችሁ እንደገና አውርጂ እንዳትሉኝ፣ ፓኬጄ አልቋል።

የጉለሌው፦
ሁሉንም ፎርማት አድርጊና ሁለቱንም ከዜሮ ጫኚ። ግልግል ነው።

ተርሚናል፦
የጉለሌው ወንድሜ፣ ያልታየ ዲስክ እንዴት ተደርጎ ነው ፎርማት የሚደረገው?

ጀማሪዋ፣ ፋይሉም ፍላሹም ጤነኛ ናቸው። 11ኛ ትውልድ ኢንቴል ላይ ብዙ ጊዜ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚገባበት የላፕቶፑ ቅንብር) ውስጥ ቪኤምዲ የሚባለው የኢንቴል ዲስክ መቆጣጠሪያ በርቶ ይመጣል። ዊንዶውስ አርኤስቲ የሚባለው የኢንቴል ዲስክ ድራይቨር ስላለው ዲስኩን ያየዋል፣ የኡቡንቱ ኢንስታለር ግን አያገኘውም። ባዮስ ገብተሽ ቪኤምዲን አጥፊው፤ ምርጫው አርኤስቲ ወይስ ኤኤችሲአይ የሚል ከሆነ ኤኤችሲአይን (የተለመደውን የዲስክ አሠራር) ያዢ። አንዳንድ ኤሰር ላፕቶፖች ላይ መስመሩ ተደብቋል፤ «ሜን» የሚለው ገጽ ላይ ሆነሽ ኮንትሮልና ኤስ ስትጫኚ ብቅ ይላል።

ጥገና ቤት፦
ኧረ ቆይ፣ እንዲሁ እንዳታጠፊው! ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን አምጥቶ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» (የምነሳበትን ዲስክ አላገኘሁትም) ይልሻል። በዚህ ምክንያት ላፕቶፕ ታቅፎ የሚመጣ ደንበኛ አጥቼ አላውቅም።

መጀመሪያ ቢትሎከር (ዲስኩን በምስጢር የሚቆልፈው የዊንዶውስ አገልግሎት) መብራቱን እዪ። ከበራ ባለ 48 አሃዙን ሪከቨሪ ኪይ ከማይክሮሶፍት አካውንትሽ አውጥተሽ ወረቀት ላይ ጻፊው። እዚያው ላፕቶፕ ላይ ሴቭ ማድረግ ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደመዝጋት ነው። ከዚያ ቢትሎከርን አጥፊና ጨርሶ እስኪፈታ ጠብቂ፤ ካልሆነ ኢንስታለሩ ዊንዶውስ የያዘውን የዲስክ ክፍል አልቀንስም ይላል። ቻርጀር ሰክተሽ፣ መብራት ባለበት ሰዓት ይሁን።

ቀጥሎ «ኤምኤስኮንፊግ» የሚባለውን የዊንዶውስ ማስነሻ ቅንብር ከፍተሽ «ቡት» ውስጥ «ሴፍ ቡት»ን ምልክት አድርጊና ሪስታርት። ዊንዶውስ ሳይነሳ ቀጥታ ባዮስ ግቢ፣ ቪኤምዲን አጥፊ፣ ሴቭ አድርገሽ ውጪ። በሴፍ ሞድ (በመሠረታዊ ድራይቨሮች ብቻ) ሲነሳ የሚስማማውን ድራይቨር ራሱ ይይዛል። ፒን ላይቀበልሽ ስለሚችል የአካውንቱን ፓስወርድ አስቀድመሽ አረጋግጪ፤ ሰው የሚቀረቀረው እዚህ ላይ ነው። ከገባሽ በኋላ የሴፍ ቡቱን ምልክት አንሺና እንደገና ሪስታርት። አበቃ፣ ፍላሹን ሰክተሽ ቀጥዪ።

ጀማሪዋ፦
ተባረኩ! ፒኑን እውነትም እምቢ አለ፣ ፓስወርዱን ግን ይዤ ነበር። ኤስኤስዲው መጣ፣ ተጫነ፣ ሁለቱም ይነሳሉ። አሁን ደግሞ ከኡቡንቱ ወደ ዊንዶውስ ስመለስ ሰዓቱ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። የዊንዶውስን ፋይሎች ከኡቡንቱ ስከፍታቸውም ማንበብ እንጂ መጻፍ አይፈቅድም።

ተርሚናል፦
ሰዓቱ የተለመደ ነው። ኡቡንቱ የማዘርቦርዱን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ይሞላዋል፣ ዊንዶውስ ደግሞ እንደ አካባቢ ሰዓት ያነበዋል፤ የእኛ ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት ይቀድማል። (ከሀበሻው አቆጣጠር ጋር ያለው የ6 ሰዓት ልዩነት ሌላ ጣጣ ነው፣ እሱን አትንኪው።) ኡቡንቱ ተርሚናል (ትእዛዝ መጻፊያው) ላይ «timedatectl set-local-rtc 1» ብለሽ ኢንተር በዪ።

ጥገና ቤት፦
አልጽፍም የሚለው «ፋስት ስታርታፕ» ስለበራ ነው። ዊንዶውስ ሻት ዳውን ስትዪው ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ግማሹን አስተኝቶ ነው የሚሄደው። ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ የፓወር ቁልፉ ምን ያድርግ የሚለው ጋ ገብተሽ አጥፊው። በግድ ለመጻፍ አትሞክሪ፣ ፋይል ይበላሻል።

ጀማሪዋ፦
ሰዓቱ ተስተካከለ። ፋስት ስታርታፑንም አጥፍቼ ፋይል ኮፒ አደረግኩ፣ ተቀበለ። የጉለሌው፣ ፎርማቱን ለሌላ ጊዜ አቆየነው 😄