ጥሩ ከፍቶ በኋላ የሚሸነፍ የኦንላይን ቼዝ ተጫዋች፦ ልማዱን ከየት ላርመው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማሠለጥነው ልጅ ሊቼስ በተባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ የሚጫወተው ሰከንድ የማይጨመርበትን የ3 ደቂቃ ብሊትዝ (ፈጣን ጨዋታ) ብቻ ነው። ነጭ ሲደርሰው መክፈቻው ሁሌ ለንደን ሲስተም (ዲ4 ገፍቶ ቢሾፑን ኤፍ4 ላይ የሚያወጣው) ነው፤ የመጀመሪያዎቹን 7 ወይም 8 እርምጃዎች ሳያስብ ይደረድራል። እስከ መሃል ጨዋታ ብዙ ጊዜ የሚመራው እሱ ነው። ከዚያ በአንድ እርምጃ ይበላሽበታል ወይም ሰዓቱ ያልቃል። እንደተሸነፈ ወዲያው ሌላ ጨዋታ ይጀምራል። ኮምፒውተሩ ስህተቱን ያሳየዋል፤ ስህተቱ ግን ይመለሳል። ከየት ልጀምር?

ፈረሰኛው፦
ከሰዓቱ ጀምር። ኮምፒውተሩ የተበላሸውን እርምጃ እንጂ ለምን እንደተበላሸ አይነግርህም። የሊቼስ የትንተና ገጽ እያንዳንዱ እርምጃ የወሰደውን ጊዜ በግራፍ ያሳያል። የተሸነፈባቸውን የቅርብ 20 ጨዋታዎች ክፈትና የኮምፒውተሩ ግምገማ ለመጀመሪያ ጊዜ 2 ወታደር የማጣት ያህል የወረደበትን እርምጃ ብቻ ያዝ። ስንት ሰከንድ እንዳሰበ፣ ስንት ሰከንድ እንደቀረው፣ ተጋጣሚው ከዚያ በፊት ምን እንደተጫወተ ጻፍ።

ደቂቃ ተኩል እያለው በ2 ሰከንድ የተጫወተው ከሆነ፣ የተጋጣሚውን እርምጃ ሳያይ የራሱን እቅድ ቀጥሏል ማለት ነው። ጠጠር ከመንካቱ በፊት “ቼክ አለ? የሚበላብኝ አለ? ያልተጠበቀው ጠጠሬ የቱ ነው?” ብሎ መጠየቅን አስለምደው። 10 ሰከንድ ብቻ ቀርቶት ከሆነ ግን የጥፋቱ መነሻ ወደ ኋላ ነው፤ 30 ሰከንድ የፈጀበትን እርምጃ ፈልግ። እዚያ ብዙ ጊዜ የምታገኘው ሁለት ጥሩ አማራጮች መሃል ሲያመነታ ነው።

ጥቁር ካሬ፦
“ሳያስብ ይደረድራል” ያልከው ላይ ልቁም፤ ለንደን የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። ቢሾፑ ከሲ1 ሲወጣ ቢ2 ላይ ያለው ወታደር ጠባቂ ያጣል። ጥቁር ወታደሩን ወደ ሲ5 ከገፋ በኋላ ንግሥቱን ቢ6 ላይ ያመጣል። ነጭ በንግሥት ቢ3 ይመልሳል፣ ጥቁር ሲ4 ይገፋል፣ ነጭ ንግሥቱን ወደ ሲ2 ይመልሳል። አሁን ጥቁር ቢሾፑን ኤፍ5 ላይ ያስቀምጣል፤ በነጻ የተሰጠ ይመስላል። የነጭ ፈረስ ገና ቢ1 ላይ ካለ ግን ቢሾፑን መብላት አያዋጣም፦ የጥቁር ንግሥት ቢ2ን በልታ ኤ1 ላይ የታፈነውን ሩክ ትወስዳለች። ትክክለኛው መልስ ንግሥት ሲ1 ነው። በልማድ የሚጫወት ልጅ ግን ቢሾፑን ይበላዋል።

ሌላው ቅድመ-እርምጃ ነው፤ ተጋጣሚው ሳይጫወት የራስን ቀጣይ እርምጃ ማዘዝ ማለት ነው። ዲ4 ተጫውቶ ቢሾፕ ኤፍ4ን አስቀድሞ ካዘዘ፣ ጥቁር ኢ5 ሲገፋ ቢሾፑ በወታደር ይበላል። በመክፈቻ ላይ ቅድመ-እርምጃን ሙሉ በሙሉ ከልክለው፤ ከቅንብሩ ማጥፋት ይቻላል።

ዝምተኛ ወታደር፦
በሁሉም እስማማለሁ፤ ነገር ግን በ3 ደቂቃ ውስጥ እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች መልመድ አይቻልም። 40 እርምጃ ለሚፈጅ ጨዋታ በአማካይ 4 ሰከንድ ተኩል ነው የሚደርሰው። 15 ደቂቃ ሆኖ በየእርምጃው 10 ሰከንድ የሚጨመርበትን ያጫውተው፤ ያኔ ከ30 ሰከንድ በላይ ይኖረዋል። ብሊትዝ ለወር ያህል ይቁም። ሁለት ጊዜ በተከታታይ ከተሸነፈ ደግሞ የዕለቱ ጨዋታ ያብቃ፤ በንዴት የሚጀመረው ሦስተኛው ጨዋታ የሚያስተምረው ነገር የለም።

ፈረሰኛው፦
ሙሉ በሙሉ ማስቆሙ አይታየኝም። በሳምንት ጥቂት ብሊትዝ አዲስ መክፈቻ ለመፈተን ይጠቅማል፤ ጨዋታዎቹ እስከታዩ ድረስ።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ወደ ረጅሙ ሲዛወር ሬቲንጉ (የጥንካሬ ነጥቡ) ይወርድበታል ብሎ ይፈራል። እውነት ነው?

ዝምተኛ ወታደር፦
አይነካውም። ሊቼስ ላይ የብሊትዝ እና የራፒድ (እንደ 15 ደቂቃው ያለ ረዘም ያለ ጨዋታ) ሬቲንግ የተለያዩ ናቸው፤ ራፒዱ ከ1500 ይጀምራል። ቁጥሩ አጠገብ የጥያቄ ምልክት እስካለ ድረስ ገና አልረጋም ማለት ነውና በአንድ ሽንፈት ብዙ ነጥብ ሊወርድ ይችላል። ምልክቱ እስኪጠፋ ቁጥሩን እንዳያይ ንገረው።